ልዩ ልዩ

በ2071 ዓ.ም. የሰኔ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ የደሴን የላይኛው ምንጭ ሰፈር ሲያለብሰው፣ አስካለች በለጠ የእድሩን ቢሮ ከፍታ ትገባለች። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነው። ካፖርቷን በሩ ጀርባ ትሰቅላለች፣ ስክሪኑን በመዳፏ ጠረግ ታደርጋለች፣ ከዚያ «እንደምን አደርክ ጎታው» ትላለች። ጎታውም «ከትናንት ወዲህ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ፋይል ገብቷል» ይላል። ሰላምታ መመለስ ካቆመ ዓመት ሆኖታል፤ ቦታ ይፈጃል ተብሎ ነው።

ጎታው የአገሩ ሰው ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ የሚከማችበት ነው። መንግሥት ያወጣለት ረጅም ስም አለው፤ ማንም አያስታውሰውም። ሰው በግል ዕቃው ላይ ፋይል ማስቀመጥ ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ መነጽሩም ስልኩም የሚያሳየው ከጎታው እየተዋሰ ነው። እድሮች ሁሉ ድረ ገጽ አላቸው፤ ቀድሞ እድር ያለ ጥሩምባ ነፊ እንደማይሆነው ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ያለ ፋይል ለዪ አይሆንም። አስካለች የላይኛው ምንጭ እድር ለዪ ናት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞት፣ ግድግዳ ሲያስለስን ሳይቀር መነጽሩ ይቀርጻል፤ የተቀረጸው ወደ ድረ ገጹ ይመጣል፤ ጎታው መልክ እያየ ይመድባል። ሰርጉን ወደ ሰርግ፣ ልቅሶውን ወደ ልቅሶ፣ ስብሰባውን ወደ ስብሰባ፣ በየፎልደሩ ውስጥ ደግሞ ሰዉን በየስሙ። ለአስካለች የሚተርፋት ሰው ነው። አንዱ ከሰርጉ ቪዲዮ ላይ የቀድሞ አማቹን አውጪልኝ ብሎ ይመጣል። አንዷ በየማለዳው የባሏን ፎልደር አስከፍታ «እንደምን አደርክ» ትለውና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አስካለች ለሁለቱም ወንበር ታቀርባለች።

መልክ የሌለበትን ፋይል ጎታው «ልዩ ልዩ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይጥለዋል። የወለል ምስል፣ ሰማይ፣ የኪስ ጨለማ፣ ሳይታሰብ የተቀረጸ የመኪና ጎማ። ከዘንድሮ ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ሠላሳ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠረጋ ይኖራል። መመሪያው «ልዩ ልዩ፣ ሌሎች፣ ወዘተ በሚል ስም የተቀመጠ ፋይል እንዳልተለየ ይቆጠራል፤ ያልተለየ ይጠረጋል» ይላል። ጎታው እየሞላ ስለሆነ ሰው በጠረጋው አይከፋም። ለኪስ ጨለማ ማን ያዝናል?

ሰኔ አምስት ቀን ጠዋት ጋሽ ናሆም መጡ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። የዚያ ትውልድ ሽማግሌዎች ስም እንዲህ ነው፤ ጋሽ ናሆም፣ እትዬ ሶልያና፣ ወይዘሮ ኤልዳና። ወጣቶቹ ናቸው አስካለችና በላቸው የሚባሉት። ስምም እንደ ሰፊ ሱሪ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እግዜር ይመስገን ጋሽ ናሆም። ውይ፣ ዝናቡ አገኘዎት?»

«ጃንጥላ ይዣለሁ» አሉ። እውነት ነው፤ ይዘዋል። ግን አልዘረጉትም፤ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። የያዙትን ጃንጥላ አዩትና በራሳቸው ፈገግ አሉ። «አየሽ፣ እንዲህ ሆኛለሁ። በይ እስቲ፣ ሶልያናን ፈልጊልኝ።»

አስካለች ምን እንደሚመጣ እያወቀች ስሙን ለጎታው ነገረችው።

«ሶልያና መኮንን። መልክ የተከለከለ። ዜሮ ፋይል» አለ ጎታው።

እትዬ ሶልያና የጋሽ ናሆም ባለቤት ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የእድሩን ሰርግና ልቅሶ የቀረጹት እሳቸው ናቸው። ሁሉም ሰው መነጽር ቢኖረውም እድሩ አንድ የማይቅበዘበዝ ካሜራ ይፈልግ ነበር፤ እትዬ ሶልያና ከአንገታቸው የማትወርድ አሮጌ ካሜራ ነበረቻቸው። የሰው መልክ ሲያነሱ ኖረው የራሳቸውን ግን አይወዱም። ገና በጎልማሳነታቸው የመልክ ክልከላ አስመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢቀርጻቸው ጎታው መልካቸውን በጉም ይሸፍነዋል፤ ከዚያ መልክ የሚወጣውንም ድምፅ አብሮ ያጠፋል። ክልከላውን ማንሳት የሚችል ባለቤቱ ብቻ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

«የልጃችንን ሰርግ ከፍቼ አየሁት» አሉ ጋሽ ናሆም። «ጉም ኬክ ያጎርሰኛል።»

አስካለች ወንበር አቀረበችላቸው።

«መልኳን አይደለም የምፈልገው ልጄ። መልኳ እዚህ አለ» አሉና ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «ድምጿ ነው እየጠፋኝ ያለው። ትናንት ስሜን እንዴት እንደምትጠራው ላስታውስ ብዬ ቁጭ አልኩ። ናሆምዬ ነበር የምትለኝ። ቃሉ አለ፤ ዜማው የለም።»

«ቤት ውስጥ የተቀረጸ የለም?»

«እኔ መነጽር አልወድም፣ ሬዲዮ ነው የምወደው። የድሮ ሬዲዮ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። እሷ ከሰው ድግስ ደክማ ስትገባ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተደፋሁ ነኝ። ቀና ብዬ እንኳ አላያትም፤ አንድም ቀን አልተነሳሁላትም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ፣ እኔ ነኝ።»

«እንዲህስ አይበሉ ጋሼ።»

«ልበል እንጂ። ይኸው ነው የሚቆጨኝ» አሉና ተነሱ። በሩ ላይ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር።

አስካለች የዚያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። አንድ ነገር ከንክኗታል። ጎታው ድምፅ የሚያጠፋው መልክ ሲያይ ከሆነ፣ መልክ በሌለበትስ? «ልዩ ልዩ»ን ከፈተች። መቶ ሰባ ሺህ ፋይል አለው። «በእድሩ አሮጌ ካሜራ የተቀረጸውን ብቻ አሳየኝ» አለችው።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል» አለ ጎታው።

የመጀመሪያውን ከፈተች። የድንኳን ወለል፣ የተረገጠ ቄጠማ፣ አፍንጫው የተሰፋ ጥቁር የሴት ጫማ። ከዚያ ከላይ አንድ ድምፅ «አበቃ» አለ። ጫማው መራመድ ጀመረ።

አስካለች ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ገብቷትም ብቻዋን ሳቀች። የሰፈሩ መነጽር ሁሉ «አበቃ» ሲሉት መቅረጹን ያቆማል። ሕፃናት እንኳ ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚለምዱት ቃል ነው። የእትዬ ሶልያና ካሜራ ግን ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራች ናት፤ ቁልፏን ካልተጫኑ አትቆምም። እሳቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ሰዉ «አበቃ» ይላሉ፣ ካሜራዋም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትሰማ፣ ከአንገታቸው ተንጠልጥላ መሬት መሬቱን እያየች እስከ ቤት ትከተላቸዋለች። ጎታው መልክ ያለበትን ሰርጉን ቆርጦ ወስዷል። ትራፊው መንገድ እዚህ ወድቋል።

መንገዱ ውስጥ ደግሞ ሴትዮዋ አሉ። ጭቃ እየዘለሉ «አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣ ወገብዎ ተሻለው?» ይላሉ። ቲማቲም እየመረጡ «ይኼኛውማ ከእኔ ይበልጥ ተጨማዷል» ይላሉ። አቀበቱ ላይ ቆም ብለው እየተነፈሱ «አንቺ አቀበት፣ እኔ ሳረጅ አንቺ ትጎረምሻለሽ?» ይላሉ። ሰፈሩ ጭር ሲል ደግሞ ለባላቸው የሚያወሩትን ይለማመዳሉ። «ናሆምዬ፣ ሙሽራው እኮ ቀለበቱን ጣለው... አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ ከሚዜው ልጀምርለት። ናሆምዬ፣ ያ ሚዜ...» ብለው ገና ሳይጨርሱት ራሳቸው ይስቃሉ።

ከዚያ የቆርቆሮ በር ይንኳኳል። በሩ ይከፈታል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ ወለል ይታያል፤ ከውስጥ አንድ ቡኒ ነጠላ ጫማ ያደረገ የወንድ እግር እየተቻኮለ ይመጣና ከተሰፋው ጫማ ፊት ለፊት ይቆማል። «ናሆምዬ፣ መጣሁ» ይላል ድምፁ። ፋይሉ እዚያ ላይ ያልቃል፤ እትዬ ሶልያና ካሜራዋን ሲያወልቋት እጃቸው ቁልፏን ሳይጫን አይቀርም።

ይህ የሆነው በአንዱ ፋይል ብቻ አይደለም። አስካለች ለሁለት ሳምንት በምሳ ሰዓቷ የየፋይሉን መጨረሻ አየች። በክረምትም በበጋም፣ ነጠላ ጫማው አዲስ ሲሆንም ማሰሪያው በሽቦ ሲጠገንም፣ እግሩ ሁልጊዜ ይመጣል። በአንዱ እንዲያውም በባዶ እግሩ መጥቷል፤ ጫማ እስኪፈልግ አላስቻለውም። አንድም ቀን አልተነሳሁላትም ያሉት ሰውዬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነስተው ነበር።

ለጋሽ ናሆም ግን አልነገረቻቸውም። መንገር አቅቷት አይደለም። አሳይታቸው ሰኔ ሠላሳ ቢጠረግ፣ ሰውዬው አንዲትን ሴት ሁለት ጊዜ ሊቀብሩ ነው። መጀመሪያ ስም ያለው ፎልደር መገኘት አለበት።

«ሶልያና» የሚል ፎልደር ለመክፈት ሞከረች።

«የስሙ ባለቤት ክልከላ አለባት» አለ ጎታው። «በፋይሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የእሷ ከሆነ አሁኑኑ ይጥፋ?»

«አይ! አይ፣ የእሷ አይደለም!» አለች አስካለች። ቶሎ ብላ ስሙን አጠፋችው። ሴትዮዋ ራሳቸው ቢሆኑስ ይፈልጉት ነበር ወይ ብላ አሰበች። የከለከሉት መልካቸውን ነው፤ ስለ ድምፃቸው የጠየቃቸው የለም። «ጫማ» ብላ ሞከረች። «ውድቅ። የንግድ ዕቃ ወደ ገበያ ፎልደር ይሂድ።» «መንገድ» አለች። «ውድቅ። እድሩ መንገድ የለውም።» «የአንዲት ሴት ድምፅ» አለች። «ውድቅ። የድምፅ ፎልደር ለዘፋኝና ለሰባኪ ብቻ።»

የእድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ኤልዳና ጋ ሄደች። ወይዘሮ ኤልዳና መመሪያ በቃላቸው የሚይዙ፣ ፊርማቸውን ሳይቀር ከመስመሩ የማያሳልፉ ሴት ናቸው።

«አስካለች፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ብለን አጥሩን ካነሳን፣ ነገ ሁሉም የኪሱን ጨለማ ይዞ ይሰለፋል።»

«ጋሽ ናሆም እኮ አሳዘኑኝ እትዬ።»

«እኔንም ያሳዝነኛል። ሶልያና ግን...» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «እድሜ ልካችንን ጎረቤት ነበርን። እናቴ ስትቀበር ዓይኗን ሳታረጥብ ቀረጸች። ሰፈሩ ሲያለቅስ እሷ ቀጥ ብላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አልተመለሰላትም። እግዜር ይማራት እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።»

አስካለች ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። የፋይሎቹን ቀን እያየች የዚያን ቀብር መፈለግ ጀመረች።

ሰኔ ሃያ አምስት እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው አምስት ነው፤ አምስተኛው እንደተለመደው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ይላል። እዚያ ሲደረስ ሰው ጃንጥላውን ማንሳት ይጀምራል። ጋሽ ናሆም ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል። አስካለች እጇን አወጣች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «ግን አሳጥሪው።»

«አልናገርም፤ አንድ ፋይል ላሰማ።»

የትኛውን እንደምታሰማ አስቀድማ መርጣ ነበር ወይ? መርጣ ነበር። ፋይል ለዪ ናትና።

ግድግዳው ላይ የመቃብር ሥፍራ አፈር ታየ። «አበቃ» አለ ድምፁ፤ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው «ሶልያና!» አለ። ጫማው ከሰዉ እየራቀ ሄደ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ገባና ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«እትዬ ትዕግሥት... ውይ እትዬ ትዕግሥት፣ ያሳደጉኝ። ኤልዱ አሁን ምን ትሆናለች? ይቅር በሉኝ፣ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው። በኋላ ኤልዱ ስታየው እንዳይንቀጠቀጥባት ብዬ ነው...»

ጃንጥላ ያነሳውም መልሶ አስቀመጠው። ወይዘሮ ኤልዳና «ኤልዱ» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ካጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወረቀታቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አስተካከሉት፣ ከዚያ «ስብሰባው ተዘግቷል» ብለው ወጡ። ውሳኔ አልተሰጠም። አስካለች የሰውን ቁስል ነካክታ ምንም እንዳልፈየደች አሰበች፤ አፈረችም።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ የቀሯትን ስሞች ትሞክር ነበር። ሁሉም ውድቅ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ኤልዳና ገቡ። ሳይጋበዙ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«መመሪያውን አንብቢልኝ።»

«እርስዎ በቃልዎ ያውቁት የለ?»

«አንብቢልኝ አልኩሽ።»

«ልዩ ልዩ፣ ሌሎች፣ ወዘተ በሚል ስም የተቀመጠ...»

«ቆይ። ስንት ጊዜ ነው ልዩ የሚለው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሕግ ማለት የተጻፈው ነው» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና፣ እንደ ሁልጊዜው ኮስተር ብለው። «አንዱን አንሺው።»

አስካለች ዘወር ብላ አየቻቸው። ሴትዮዋ ስክሪኑን እንጂ እሷን አላዩም። «ልዩ» ብላ ጻፈች፤ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ፋይል አንስታ ወደዚያ ወሰደቻቸው።

«ልዩ» አለ ጎታው። «በተከለከሉ ስሞች ውስጥ አልተገኘም። ምክንያት ይጻፍ።»

አሥራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀራል። አስካለች ቃል ፈለገች። ድምፅ ብትል ለዘፋኝ ነው፤ ስማቸውን ብትጠራ ይጠፋሉ፤ ፍቅር ብትል ደግሞ መመሪያው አያውቀውም።

«ስለተለየችን» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «እንደዚያ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ምን ምክንያት አለ?»

ጻፈች። ጎታው ትንሽ ቆየ። የሐዘን ቃል መሆኑን የሚያውቅበት ክፍል የለውም፤ ካለውም ለቦታ ሲባል ተቀንሷል። «ምክንያት፣ ተለይቷል» አለ። «የተለየ ፋይል አይጠረግም። ተቀብያለሁ።»

አስካለች እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ወይዘሮ ኤልዳና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት «ልዩ ልዩ» ባዶ ሆነ፤ መቶ ሰባ ሺህ ይል የነበረው ዜሮ አለ። በሌላው ሰው የኪስ ጨለማ ውስጥ ማን ይናገር እንደነበር ማንም አልሰማም።

«መለየቱን የሚመጣው ዓመት ከመስከረም ነው የምንጀምረው» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። «እኔም በጠዋት እየመጣሁ አግዝሻለሁ።»

ሐምሌ አንድ ቀን ጋሽ ናሆም ተጠርተው መጡ። ጉንፋናቸው አልለቀቃቸውም፤ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለዋል። አስካለች ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። ምንም አላስረዳችም፤ ፎልደሩን ከፈተችና ከአጠገባቸው ቆመች።

ቄጠማ፣ ጭቃ፣ የተሰፋው ጥቁር ጫማ። «አበቃ» አለ ድምፁ።

ጋሽ ናሆም ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሐጂን ሰላም ሲሏቸው ሰሙ። አቀበቱን ሲቆጡት ሰሙ። «ናሆምዬ፣ ያ ሚዜ...» የሚለው ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ከንፈራቸው ዜማውን ቀስ ብሎ ተከተለው። «ናሆምዬ» አሉ፣ ራሳቸውን በሚስታቸው ድምፅ እየጠሩ። «ናሆምዬ። አዎ። እንዲህ ነበር።»

ጫማው የመጨረሻውን ድንጋይ ተሻገረ። አስካለች የሚመጣውን ታውቃለች። ቡኒውን ነጠላ ጫማ፣ መቻኮሉን፣ ሰማያዊውን ወለል፤ ሊያዩት ነው ብላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

ስክሪኑ ላይ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። በሩ ገና ሳይከፈት፣ ነጠላ ጫማው ገና ሳይታይ፣ ጋሽ ናሆም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ከወንበራቸው ተነሱ።